ሁሉን ማንበብ ማመሳሰል አይደለም፤ ስለ ሃርድ ዲስኮች ንጽጽር ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በፎቶግራፍና በቪዲዮ ሥራ የምንተዳደር ሰዎች አንድ ጽሑፍ ስንቀባበል ሰነበትን። የሚያወራው በሁለት ሃርድ ዲስኮች ላይ ያሉ ፋይሎችን በፍጥነት ስለ ማነጻጸርና ስለ ማመሳሰል ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን አንሥተው በአማርኛ መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። የሥራውን ውጤት፣ የቤተሰቡን ፎቶግራፍና የመመረቂያ ጽሑፉን በአንዲት ዲስክ ላይ ብቻ አስቀምጦ የሚኖር ሰው ስንቱን እናውቃለን! ለእንዲህ ያለ ሰው «ሁለተኛ ቅጂ ይኑርህ» ማለት ትልቅ ውለታ ነው። ከዚያ በኋላ የሰጡት ምክር ግን አብዛኛው የተሳሳተ ነው፤ አንዱ ደግሞ አደገኛ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጽሑፉን ላላነበቡ ሰዎች አሳቡ በአጭሩ ይህ ነው። የፋይልን መጠንና የተሻሻለበትን ሰዓት ማመን ሞኝነት ስለሆነ ባመሳሰላችሁ ቁጥር የሁለቱንም ዲስኮች ይዘት ከዳር እስከ ዳር በሃሽ አነጻጽሩ፤ ሥራው የሚዘገየው ስሌቱ ስለሚከብድ ነውና ፈጣን ፕሮሰሰርና ፈጣን የሃሽ ዓይነት ምረጡ፤ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የመገልበጫ ፕሮግራም ሮቦኮፒን በአንድ ጊዜ 128 ፋይል እንዲገለብጥ እዘዙት፤ በሊኑክስ የተለመደው የማመሳሰያ ፕሮግራም አርሲንክ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ስለሚወስድ በሁለት ዲስኮች መካከልም ከሁሉ ይፈጥናል፤ ዲስኮቻችሁን ሁሉ ፋት32 ወይም ኤክስፋት በተባለው የፋይል አደረጃጀት (ፎርማት) አድርጉ፤ ይህ ሁሉ ካልረዳ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለውን ዲስክ) ግዙ፤ አንዱን ዲስክ የሌላው መስታወት የሚያደርገውን ትእዛዝ ከተጠቀማችሁ ደግሞ ሌላ መጠባበቂያ አያስፈልጋችሁም። (ሃሽ ከፋይሉ ይዘት በስሌት የሚወጣ አጭር ቁጥር ነው። ከይዘቱ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ሌላ ስለሚሆን የፋይሉ የጣት አሻራ ልንለው እንችላለን።)

ነገሩ ለምን ይህን ያህል እንደሚከነክነኝ አስቀድሜ ልናገር። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ስቱዲዮ እያንዳንዱ ቀረጻ በሁለት ዲስክ ላይ ይቀመጥ ነበር። ሁለቱን የምናመሳስለው ልክ ጽሑፉ እንደሚመክረው ይዘታቸውን በሙሉ በማንበብ ነበር። አንዱ ዙር ከምሽት ጀምሮ እስከ ማግስቱ ረፋድ ይፈጃል፤ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀመራል። በየቀኑ መሆን የነበረበት ሥራ በየሳምንቱ ሆነ፤ ቀጥሎም «የሠርጉ ወቅት ይለፍና» እየተባለ ይተላለፍ ጀመር። አንድ ቀን ዋናው ዲስክ ከጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ዲስክ የሰባት ሳምንት ሥራ ይጎድለው ነበር። ከጎደለው መካከል አንድ አባት ልጃቸውን ሲድሩ የመረቁበት ሙሉ ቀረጻ ነበረ። ለቤተሰቡ በሰጠነው በተቀነባበረው ፊልም ላይ ምርቃቱ አጥሮ፣ በዚያም ላይ ሙዚቃ ተደርቦበት ነበር። አባትየው ካረፉ በኋላ ልጅቱ «ድምፃቸው ብቻውን ያለበት ይኖራችኋል ብዬ ነው» ብላ መጣች። አልነበረንም። ዲስኩን የሰበረው መውደቁ ነው፤ ድምፁን ያጠፋው ግን የእኛ ንጽጽር መርዘም ነው።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቹ።

«ሃሽ የሚዘገየው ስሌቱ ስለሚከብድ ነው» የሚለው ለሚሽከረከር ዲስክ ፈጽሞ እውነት አይደለም። ኤምዲ5 የሚባለው የቆየ የሃሽ ዓይነት እንኳ በአንድ የዘመኑ ፕሮሰሰር ኮር ላይ በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያሰላል። በቦርሳ የምንይዘው ተንቀሳቃሽ ዲስክ ግን ቢበረታ በሰከንድ ከ100 እስከ 140 ሜጋባይት ነው የሚያቀብለው። ወፍጮው ፈጣን ነው፤ በዝግታ የሚመጣው እህሉ ነው። ኤክስኤክስሃሽ የተባለው ዘዴ በስሌት ከኤምዲ5 በብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ስትጠቀሙበት ከእህሉ በፊት ባዶውን የሚዞር ሌላ ወፍጮ ከመትከል የተለየ ትርፍ የለውም። ሒሳቡን ማንም ሊያወጣው ይችላል፦ 2 ቴራባይት በሰከንድ 120 ሜጋባይት ሲነበብ 4 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱ ዲስኮች ተራ በተራ ከተነበቡ ከ9 ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህን ቁጥር ማንኛውም ፕሮሰሰር አያሳጥረውም።

ጸሐፊው በዚሁ አንቀጽ «ኤምዲ5 ስለተሰበረ ሻ256ን ብቻ ተጠቀሙ» ብለው አልፈዋል፤ ሻ256 ሌላ የሃሽ ዓይነት ነው። ኤምዲ5 በእርግጥ ተሰብሯል። በ2004 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሁለት የተለያዩ ይዘቶችን አንድ ዓይነት ሃሽ እንዲኖራቸው አድርገው አሳይተዋል። ይህ ግን ሆነ ብሎ ሊያታልል የተነሣ ሰውን የሚመለከት ጉዳይ ነው። ዲስክ ሲያረጅ የሚያበላሸው ፋይል ሊያታልለን አያስብም። ለእኛ ሥራ ሁለቱም ይበቃሉ።

ዋናው ጥያቄ ያለው ከዚህ በፊት ነው፤ ሁሉን በየጊዜው ማንበብ ለምን ያስፈልጋል? ጸሐፊው መጠንንና ሰዓትን ማመን ሞኝነት ነው ብለዋል። እኔ ደግሞ የዚህ ሥራ ፍጥነት ሁሉ የሚገኘው ከዚያ ነው እላለሁ። አርሲንክም፣ ሮቦኮፒም፣ ፍሪፋይልሲንክ የተባለው ሌላው የማመሳሰያ ፕሮግራምም ካልታዘዙ በቀር የሚያነጻጽሩት መጠኑንና የተሻሻለበትን ሰዓት ነው። እነዚህን የሠሩ ሰዎች ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ፎርማቱ ኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የተለመደው) በሆነ ዲስክ ላይ አንድ ፎልደር ሲዘረዘር ስሙ ከነመጠኑና ከነሰዓቱ አብሮ ይመጣል፤ ፋይሉን መክፈት አያስፈልግም። የፋይሎቹ ዝርዝር የሚገኝበት ዋና ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ፋይል አብዛኛውን ጊዜ 1 ኪሎባይት ይይዛል። 300,000 ፋይል ያለው ዲስክ ሠንጠረዡ 300 ሜጋባይት ገደማ ነው ማለት ነው፤ ይህ ተከታትሎ ቢነበብ የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ኤቭሪቲንግ የተባለው የፋይል መፈለጊያ ስሞቹን በቅጽበት የሚያወጣልን ይህንኑ ሠንጠረዥ በቀጥታ ስለሚያነብ ነው።

አሁን እነዚያኑ 300,000 ፋይሎች አንድ በአንድ እንክፈታቸው። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 11 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የማንበቢያው ጭንቅላት የሚፈለገው ቦታ ሥሩ እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠብቃል፤ ወደዚያ መሥመር ለመንቀሳቀስም 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ለአንድ ፋይል 16 ሚሊሰከንድ ብንል ለ300,000ው 80 ደቂቃ ነው። ከይዘቱ አንዲት ቃል ሳይነበብ ማለት ነው! ፀረ ቫይረሱ ደግሞ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ልፈትሽ ይላል። ትንንሽ ፋይሎች የበዙበት ዲስክ ከትልልቅ ቪዲዮዎች ይልቅ የሚያሰለቸን በዚህ ምክንያት ነው።

መጠንና ሰዓት አይሳሳቱም አላልኩም። ይሳሳታሉ፤ የሚሳሳቱበት ቦታ ግን ይታወቃል። ቬራክሪፕት የሚባለው የመመስጠሪያ ፕሮግራም ካልታዘዘ በቀር የመያዣ ፋይሉን (የተመሰጠሩት ፋይሎች የሚቀመጡበትን አንድ ትልቅ ፋይል) የተሻሻለበትን ሰዓት እንደነበረ ይተወዋል፤ የመያዣው መጠንም አብዛኛውን ጊዜ አይለወጥም። ውስጡ ሙሉ በሙሉ ቢቀየር ፈጣኑ ንጽጽር «ምንም አልተለወጠም» ብሎ ያልፈዋል። ይህን የተጠቀመ ሰው ወይ ምርጫውን ከፕሮግራሙ ውስጥ ይለውጥ፣ ወይ ያንን ፋይል ብቻ በይዘት ያነጻጽር። የእናት ሰሌዳው ትንሽ ክብ ባትሪ የሞተበት ኮምፒውተርም አለ፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይሄዳል፤ በዚያ ላይ የተሠራው ፋይል ከአሮጌው ያረጀ መስሎ ይታያል። ባትሪዋን መቀየር ከየትኛውም ፕሮግራም ይሻላል። በሊኑክስ ደግሞ ተራው የመገልበጫ ትእዛዝ ሰዓቱን ጠብቅ ካልተባለ ለቅጂው የዕለቱን ሰዓት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ፋይል «የተለወጠ» ይሆናል።

በጽሑፉ ውስጥ ያለው ትልቁ እውነት ይህ ነው፦ ዲስክ ሲያረጅ ፋይል በዝምታ ሊበላሽ ይችላል። መጠኑ ያው፣ ሰዓቱ ያው፣ ይዘቱ ግን የተበላሸ። ይህን የሚያጋልጠው እንደ ሃሽ ይዘቱን አንብቦ ማነጻጸር ብቻ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የማልስማማው ይህን ሥራ ከዕለታዊው ማመሳሰል ጋር አንድ ላይ መስፋታቸው ነው። የተለወጠውን ፈልጎ መገልበጥ የየዕለት ሥራ ነው፤ በደቂቃዎች ማለቅ አለበት። ያልተለወጠው አለመበስበሱን መፈተሽ ሌላ ሥራ ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ ተከፋፍሎ ይሠራል።

እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። አዲስ ቀረጻ ወደ ዲስክ በገባበት ዕለት ሃሹን አውጥቼ በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ እመዘግባለሁ፤ መዝገቡ በሁለቱም ዲስኮች ላይ ይቀመጣል። በየወሩ ከመዝገቡ አሥራ ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ከዲስኩ ጋር አመሳክራለሁ። ከ2 ቴራባይት አሥራ ሁለተኛው 167 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ በሰከንድ 120 ሜጋባይት ሲነበብ 23 ደቂቃ ይበቃዋል። ቡና እስኪፈላ ያልቃል። በዓመት ውስጥ ዲስኩ በሙሉ አንድ ጊዜ ተፈትሿል። መዝገቡ ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። ሁለት ዲስኮችን ፊት ለፊት ብታነጻጽሩና ቢለያዩ የትኛው ነው የተበላሸው? ንጽጽሩ አይነግራችሁም። መዝገቡ ግን ይፈርዳል። ለመፈተሽም ሁለቱን ዲስኮች አንድ ቦታ ማምጣት አያስፈልግም፤ አንዱ ቤት፣ ሌላው ቢሮ ሆኖ እያንዳንዱ ለብቻው ይመሰክራል። ጸሐፊው ሃሽን ሲያመሰግኑ ይህን አለማንሣታቸው ይቆጨኛል፤ በየጊዜው ተሰልቶ የሚጣል ሃሽ ጉልበት ጨራሽ ነው፤ የሚቀመጥ ሃሽ ግን ሀብት ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው፣ እኔ ግን ሰው ሲያማክረኝ ከሁሉ በፊት የማየው ነገር አለ፤ ገመዱ። ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ በሰከንድ 480 ሜጋቢት ቢባልም በተግባር ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ነው የሚያሳልፈው። የተንቀሳቃሽ ዲስኮች የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያ ሁለት ክፍል ያለው ሰፊ ቅርጽ አለው። በድሮ ስልኮች ቻርጀር ላይ የነበረው ጠባብ መሰኪያ በአንዱ ክፍል ይገባል፤ ይሠራልም፤ የሚሠራው ግን በ2.0 ፍጥነት ነው። ትክክለኛው ገመድ ጠፍቶበት በስልክ ገመድ የሚገለገል ሰው በየስቱዲዮው አይቻለሁ። በሰከንድ 35 ሜጋባይት 2 ቴራባይት ለማንበብ 16 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሁለቱ ዲስኮች በአንድ የ2.0 ማከፋፈያ ላይ ከተሰኩ ያንኑ መንገድ ስለሚካፈሉ እጥፍ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ሰው ፕሮሰሰር ቀይር ማለት ጫማው ጠጠር የገባበትን ሰው እግርህን ቀይር እንደማለት ነው።

ስለ 128ቱ ልናገር። ሮቦኮፒ በአንድ ጊዜ ብዙ ፋይሎችን የመገልበጥ ችሎታ ያገኘው ከዊንዶውስ 7 ጋር ነው። ይህን ምርጫ ቁጥር ሳይጠቅሱ ከሰጡት 8፣ ቢበዛ 128 ይችላል። ጸሐፊው ትልቁን ቁጥር ያዩና የሚበልጠውን ያዛሉ። በሚሽከረከር ዲስክ ውስጥ ግን ጭንቅላቶቹ ሁሉ በአንድ ክንድ ላይ ታስረው አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት። 128 ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ስጠኝ ሲባል ከአንዱ ቁራሽ ወደ ሌላው ቁራሽ እየተመላለሰ ጊዜውን በመንገድ ይጨርሳል፤ ተከታትሎ ቢያነብ በሰከንድ 120 ሜጋባይት የሚሰጠው ዲስክ ጥቂት ሜጋባይት ወደ መስጠት ይወርዳል። በተቀባዩም ዲስክ ላይ ፋይሎቹ እየተቆራረጡ ይቀመጣሉ፤ ነገ ስታነቧቸውም ይዘገያሉ። ለትልልቅ ቪዲዮዎች አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። ጥቃቅን ፋይሎችን በኔትወርክ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ለመላክ ወይም ከኤስኤስዲ ወደ ኤስኤስዲ ከሆነ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ይህን አልክድም። በሁለት ዲስኮች መካከል የሚጠቅመው ጎን ለጎን መሥራት ሌላ ነው፤ የሁለቱን ዝርዝር በአንድ ጊዜ ማንበብ። ለእያንዳንዱ ዲስክ አንድ አንባቢ፣ ከዚያ አይበልጥ።

በዚህ ላይ የአንዳንድ ተንቀሳቃሽ ዲስኮችን ጠባይ መርሳት አይገባም። ኤስኤምአር በሚባለው አሠራር የጽሕፈት መሥመሮቹ እንደ ጣራ ቆርቆሮ ጫፍ በጫፍ ይደራረባሉ። በአንድ ዲስክ ላይ ብዙ ማስቀመጥ የሚቻለው በዚህ ነው። ነገር ግን ከመሐል አንዱን ቆርቆሮ ለመቀየር በላዩ የተደረቡትን ሁሉ ማንሣት ይጠይቃል። ዲስኩ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ቦታ እስኪሞላ ድረስ ደኅና ይሄድና ድንገት ይንፏቀቃል። ብዙዎች «ዲስኬ ታመመ» የሚሉት ይህ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ሳያስፈልግ አለመጻፍ ነው፤ ያልተለወጠን ፋይል ዳግም አለመገልበጥ።

ስለ አርሲንክ የተባለው በጣም አስገርሞኛል፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ራሱ ለጸሐፊው መልስ ይሰጣል። አርሲንክን አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በ1996 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ ያወጡት ነው። የዋናው ዘዴ ዓላማ በጣም ቀጭን በሆነ የግንኙነት መሥመር ላይ የሚተላለፈውን መቀነስ ነበር። አሮጌው ፋይል በወዲያኛው በኩል ይነበባል፣ በቁራሽ በቁራሽ ሃሽ ይወጣለታል፣ በወዲህኛው በኩል አዲሱ ይነበባል፣ የተለያየው ቁራሽ ብቻ በመሥመሩ ይላካል። ማለትም መሥመሩን ለመቆጠብ ሲባል ዲስኩ ይበልጥ ይደክማል። መሥመሩ ስልክ በነበረበት ዘመን ትልቅ ትርፍ ነው። በሁለት ዲስኮች መካከል ግን ቀጭኑ ዲስኩ ራሱ ነው! ተቀባዩ ዲስክ አሮጌውን ማንበብም፣ አዲሱን እንደገና መጻፍም በአንድ ክንድ ይሠራል። ለዚህ ነው አርሲንክ ሁለቱም ወገን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሆኑ ያንን ዘዴ በራሱ አጥፍቶ የተለወጠውን ፋይል በሙሉ የሚገለብጠው። በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ጸሐፊው «አጥፉለት» ያሉት ያ በሙሉ የመገልበጥ ምርጫ የሠሪዎቹ እውቀት ነውና አትንኩት።

አርሲንክ የሚመሰገንበት ሌላ ነገር አለው፤ መብራት በሚጠፋበት አገር በተለይ። ፋይል ሲገለብጥ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጽፍና ሲጨርስ ነው ትክክለኛውን ስም የሚሰጠው። በመሐል ቢቋረጥ አሮጌው ቅጂ እንደነበረ ይቆያል፤ ግማሽ ፋይል ሙሉ መስሎ አይቀመጥም።

ወደ ፋት32 ልምጣ፤ እዚህ ላይ ምክሩ ራሱ የጽሑፉን መነሻ ፈጥሮታል ብዬ እጠረጥራለሁ። ፋት የፋይሉን የተሻሻለበት ሰዓት የሚመዘግበው በሁለት ሰከንድ ልክ ነው። ኤንቲኤፍኤስ ግን በ100 ናኖሰከንድ ልክ ይመዘግባል። አንዱ ዲስክ ኤንቲኤፍኤስ፣ ሌላው ፋት32 ከሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠ ፋይል ሰዓቱ እስከ ሁለት ሰከንድ ሊለያይ ይችላል፤ ጥብቅ ንጽጽር የሚያደርግ ፕሮግራምም ሁሉንም «ተለውጧል» ይላል። ይህን ያየ ሰው ሰዓት አይታመንም ቢል አይፈረድበትም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ ለሁለት ሰከንድ ልዩነት ይቅርታ አድርግ ብሎ ማዘዝ። በሮቦኮፒ «ኤፍኤፍቲ»፣ በአርሲንክ «ሞዲፋይ ዊንዶው» የተባለው ምርጫ ለዚህ የተሠራ ነው።

ከዚህ የባሰ አለ። ፋት የሚያስቀምጠው የአካባቢውን ሰዓት ነው፤ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ አይጽፍም። ዋሽንግተን ያለች እኅት የቤተሰቡን ፎቶግራፍ በፋት32 ዲስክ አድርጋ ለአዲስ አበባ ሰው ብትልክ፣ እዚህ ሲሰካ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን የአዲስ አበባ ነው ብሎ ያነበዋል። ልዩነቱ በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው። እኛ ሰዓታችንን በዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንገፋም፤ እነርሱ ይገፋሉ። በዚህ ብቻ በሺሕ የሚቆጠር ፎቶግራፍ እንደ አዲስ ሲገለበጥ ያድራል። ፍሪፋይልሲንክ እንዲህ ያለውን የሰዓት ክፍተት ችላ በል የሚባልበት ቦታ አለው። ኤክስፋት የሰዓት ቀጠናውን የሚመዘግብበት ቦታ ስላለው ከፋት32 ይሻላል፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይልም ይቀበላል፤ ፋት32 አይቀበልም። ነገር ግን ኤክስፋት እንደ ኤንቲኤፍኤስና እንደ ሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 የለውጥ መዝገብ (በዝርዝሩ ላይ ሊደረግ ያለውን ለውጥ አስቀድሞ የሚጽፍበት ቦታ) የለውም፤ በጽሕፈት መሐል መብራት ቢጠፋ ዝርዝሩ ሊዛባ ይችላል። ለካሜራ ካርድ ይሁን፤ ለዓመታት ማስቀመጫ ግን አልመክረውም።

በነገራችን ላይ፣ ፋይሎቻችንን በራሳችን ፊደል ለምንሰይም ሰዎች ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ለኮምፒውተር «ዓለም» እና «አለም»፣ «ሠርግ» እና «ሰርግ» የተለያዩ ስሞች ናቸው። አንዱ ሠራተኛ በዋናው፣ ሌላው በቅጂው ላይ ፎልደሩን በየራሱ አጻጻፍ ቢከፍት ማመሳሰያው ሁለት ሥራ ነው ብሎ ሁለቱንም ወደ ሁለቱም ይገለብጣል። በስቱዲዮው አንድ አጻጻፍ ይወሰን። ሁለተኛው፣ በሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ላይ የፋይል ስም ከ255 ባይት መብለጥ አይችልም፤ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ገደቡ 85 ፊደል ነው። ኤንቲኤፍኤስ ግን 255 ፊደል ይቀበላል። የሙሽራውን፣ የሙሽራዋን፣ የአዳራሹንና የቀኑን ስም በአንድ ላይ የደረደረ ፋይል በዊንዶውስ ተፈጥሮ ወደ ሊኑክስ ዲስክ አልገለበጥም የሚለው ለዚህ ነው።

ስም መቀየርም ጊዜ ይበላል። 400 ጊጋባይት ያለበትን ፎልደር በዋናው ዲስክ ላይ ስሙን ብትቀይሩ አርሲንክና ሮቦኮፒ አሮጌው ስም ጠፋ፣ አዲስ ስም መጣ ብለው ሁሉንም እንደ አዲስ ይገለብጣሉ፤ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። ከማመሳሰል በፊት በቅጂውም ላይ ስሙን በእጅ መቀየር የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው።

ኤስኤስዲ ግዙ ለሚለው ብዙ አልልም። የቻለ ይግዛ፤ ይፈጥናል። በዩኤስቢ 2.0 ገመድ ከተሰካ ግን እርሱም በሰከንድ 35 ሜጋባይት ነው።

የመጨረሻው ነጥብ በጽሑፉ ውስጥ አደገኛ ያልኩት ነው። የሮቦኮፒ «ኤምአይአር»፣ የአርሲንክ «ዲሊት» በተቀባዩ ዲስክ ላይ ኖሮ በዋናው ላይ የሌለውን ሁሉ ይሰርዛሉ። ጸሐፊው ይህን አንዲት መስመር አድርገው ሰጥተው «ከዚህ በኋላ በሰላም ተኙ» ብለዋል። ዛሬ በስሕተት ከዋናው የሰረዝኩት ፋይል ማታ ከቅጂውም ይሰረዛል። ተበላሽቶ የተቀመጠው ደኅነኛውን ይተካዋል። ይህ መጠባበቂያን ሊተካ አይችልም። ከዚህም አልፎ በዊንዶውስ ዲስኮቹ የተሰኩበት ቅደም ተከተል ሲለወጥ የመለያ ፊደሎቻቸው ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ትናንት ዋና የነበረው ፊደል ዛሬ ቅጂው ላይ ይውላል፤ ያው መስመር ሲሄድ አሮጌው በአዲሱ ላይ ይጻፋል፣ አዲሱም ይሰረዛል። በሊኑክስ ዲስኩ የሚታይበት ፎልደር ዲስኩ ሳይሰካም ባዶውን ሊቆይ ይችላል፤ ዋናው ሳይሰካ ትእዛዙ ቢሄድ ያንን ባዶ ፎልደር ዋና ነው ብሎ ቅጂውን ባዶ ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ ሁልጊዜ አስቀድሞ ሳይሠሩ ማየት ነው። በሮቦኮፒ «ኤል»፣ በአርሲንክ «ድራይ ረን» ምን እንደሚሰረዝና ምን እንደሚገለበጥ ዘርዝረው ያሳያሉ፤ አንዲት ፋይል ግን አይነኩም። የሚሰረዘው ቁጥር ከጠበቃችሁት ከበለጠ እጃችሁን አንሡ። አርሲንክ ከዚህ በላይ አትሰርዝ የሚባልበት ምርጫም አለው። የሚሰረዘውና የሚተካው ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር እንዲዛወር ማድረግ በሁለቱም በአርሲንክና በፍሪፋይልሲንክ ይቻላል፤ እኔ ሦስት ወር አስቀምጠዋለሁ። ለዲስኮቹ «ዋና» እና «ቅጂ» የሚል ስም ስጧቸው፤ በዋናው ላይ ብቻ የምትኖር፣ ከማመሳሰሉ ውጭ የተደረገች አንዲት ትንሽ ፋይል አስቀምጡና ትእዛዙ እርሷን ካላገኘ እንዳይቀጥል አድርጉ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን እንደገና የሚያወጡበት ዕድል ካላቸው የምለምናቸው ከሁሉ በፊት ይህችን መስመር እንዲያርሟት ነው። አንባቢዎቻቸው መስመሯን ሳያዩ ቀድተው እንደሚያስኬዷት ያውቃሉ፤ እኔም ሲያደርጉ አይቻለሁ። «ኤል»ን ከጎኗ ይጨምሩበት። ስለ ሃሹና ስለ 128ቱ ቀስ ብለን እንከራከራለን።